የባጃጅ ዘይት በጅማ፦ የትኛው፣ ስንት፣ መቼ

ባለአራት ምት የቤንዚን ባጃጅ የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህች አንድ ሊትር ፒስተኑንና ክራንኩን ታለሰልሳለች፣ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) በውስጧ ተነክሮ ይሠራል፣ የማርሽ ጥርሶቹና ዲፈረንሻሉም የሚጠጡት ከእሷው ነው። መኪና ላይ ለሞተር፣ ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) እና ለዲፈረንሻል ለየብቻ ዘይት ይሞላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ባጃጅ ላይ ግን ሁሉም ከአንድ ማዕድ ስለሚበሉ የተሳሳተ ዘይት ሁሉንም በአንድ ላይ ይጎዳል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ከሱቅ ርካሹን ማንሳት ውሎ አድሮ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

እዚህ የተጻፈው ራዲያተር የሌለውን፣ በማራገቢያ አየር የሚቀዘቅዘውን፣ 200 ሲሲ ገደማ የሆነውን ባለአንድ ሲሊንደር ባጃጅ የሚመለከት ነው። ባለሁለት ምቱ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠለ የሚሠራና ለካምቢዮው የራሱ ዘይት ያለው ነው፤ የናፍጣውም አሠራር ሌላ ነው። ይህን ምክር ወደ እነሱ አይውሰዱት።

ጠርሙሱ ላይ የሚነበበው

ዘይት ሲገዙ ሦስት ነገር ይነበባል። የጠርሙሱ ቀለምና የማስታወቂያው ድምቀት ከሦስቱ ውስጥ አይደሉም።

የመጀመሪያው ውፍረቱ ነው፤ ለዚህ ሞተር 20ደብልዩ-50 ይፈለጋል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። 20 የሚለው ከዜሮ በታች ወደ 15 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ እንኳ ሞተር ያስነሳል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም ሌሊቷ ወደዚያ ብርድ ፈጽሞ አይጠጋም። ስለዚህ በብርድ ለሚቀጥን ውድ ዘይት መጨነቅ አያስፈልግም። እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ ያሳያል። ባጃጅ ሦስት ሰው ከነዕቃው ጭኖ ጅማ አጠገብ ያለውን የጂሬንን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱን የሚያወጡት ማራገቢያውና ዘይቱ ብቻ ናቸው። በዚያች ሰዓት ዘይቱ እንደ ውሃ ከቀጠነ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ይበጠሳል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል።

ሁለተኛው የጥራት ደረጃው ነው። ኤፒአይ (የአሜሪካ የዘይት ደረጃ) ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ፊደሎች አሉ። ኤስ ማለት የቤንዚን ሞተር ነው፤ ተከታዩ ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ከኤ እየራቀ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ለባጃጅ ኤስኤል ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ይፈለጋል። ኤስኤል የ2001 እ.ኤ.አ. ደረጃ ነው፤ ኤስኤፍ ደግሞ የ1980። ኤስኤፍ የሚል ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ቢያጋጥምዎ ውፍረቱ ትክክል ሆኖ እንኳ ይተዉት፤ በሙቀት ቶሎ ይጠቁራል፣ ዝቃጭም ያበዛል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው፣ ከሦስቱም ይበልጥ ግን ባጃጅን የሚመለከተው ነው፦ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚለው ምልክት። ጃሶ የጃፓን ደረጃ ነው፤ ኤምኤ ማለት ዘይቱ በውስጡ ተነክሮ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። የባጃጅ ፍሪሲዮን እንደ መኪናው ደረቅ አይደለም። የተደራረቡ ሳህኖች በዘይት ውስጥ ተጫጭነው፣ በመፋተግ ብቻ ጉልበት ያስተላልፋሉ። ለዘመናዊ መኪና የሚሠሩ ቀጫጭን ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ማንሸራተቻ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ያ ቅመም ለመኪና ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ግን ሳህኖቹን ያንሸራትታል፤ ሳህኖቹ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፣ ይፈረፈራሉ፤ ፍርፋሪው ዘይቱን ያጠቁራል፤ ያው ዘይት ደግሞ ተመልሶ ፒስተኑ ጋ ይሄዳል። ኤምቢ የሚለው ምልክት በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ለሚነዱ ስኩተሮች ነው፤ ስሙ ቢቀራረብም ለባጃጅ አይሆንም።

ከበርሜል በሊትር የሚቀዳው የናፍጣ ሞተር ዘይት በየቦታው አለ፣ ብዙ ባጃጅም እሱን ይጠጣል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን አያንሸራትትም። ችግሩ ሌላ ነው፦ የተሠራው በዝቅተኛ ዙር ለሚሠራ ከባድ ሞተር ነው፣ በባጃጅ ሙቀት የተፈተነበት ማስረጃ የለውም፣ በርሜሉ ውስጥ ስንት ጊዜ ውሃና አቧራ እንደገባም ማንም አይነግርዎትም። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ ሌላ ከሌለ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ጨምሮ ቤት መግባት ሞተር ያድናል፤ በማግስቱ ግን ይቀየር። 90 ቁጥር የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ግን ለአንድ ቀንም አያስገቡ። ዘይት ያወፍራል፣ ጭስ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠውንም ተጨማሪ ፈሳሽ እንዲሁ፤ ጭሱን ለሳምንት ይደብቃል፣ ፍሪሲዮኑን ግን ለሁልጊዜው ይጎዳል።

ጠርሙሱ እንደገና የተሞላ እንዳይሆን ክዳኑን ሲከፍቱ ቀለበቱ «ጠቅ» ብሎ መበጠስ አለበት፤ ከሥሩ ያለው የብር ወረቀትም ሳይቀደድ መገኘት አለበት። ታትሞ የተለጠፈው የምርት ቁጥር በጣት ሲፈተግ የሚለቅ ከሆነ ይመልሱት። ተጠቅመው የጨረሱትንም ጠርሙስ በሚስማር ሳይበሱ አይጣሉ። ያልተበሳ ባዶ ጠርሙስ ነው ተመልሶ ወደ ገበያ የሚገባው።

መቼ ይቀየር

አዲስ ባጃጅ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የተቀየረ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይፈሳል። አዲሶቹ ብረቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የወጣው ብናኝ እዚያው ውስጥ ነውና ዘይቱ ገና አዲስ ነው ብሎ መሳሳት አያዋጣም።

ከዚያ በኋላ የአምራቹ መመሪያ የሚለው ጣሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አጂፕ፣ ከመናኸሪያ ወደ መርካቶ እየቆመ እየተነሳ የሚሠራ፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ የሚበላ ባጃጅ ግን ወደ ጣሪያው መጠጋት የለበትም። በ2,500 ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ በ3,000 ይቀየር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ ቁጥሩ የቆመባቸው ባጃጆች ብዙ ናቸው። እንዲህ ከሆነ በቀን ይቆጠራል፦ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሠራ ከሆነ 25 የሥራ ቀን ማለት 2,500 ኪሎ ሜትር ነው። የተቀየረበትን ቀን በማርከር ከመቀመጫው ሥር መጻፍ ይበቃል። ባጃጁ ሹፌር በሚለዋወጥበት ጊዜ ደግሞ ይህች ጽሑፍ ብዙ ክርክር ታስቀራለች። ሥራ ፈትቶ የቆመ ባጃጅም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየርለት።

አቀያየሩ

አስቀድመው ያዘጋጁ፦ አንድ ሊትር ዘይትና ለማሟያ ሌላ ትንሽ፣ አዲስ ፊልትሮ ከነጎማ ቀለበቶቹ፣ ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት)፣ ከጀሪካን የተቆረጠ ሁለት ሊትር የሚይዝ ሳህን፣ ንጹሕ ጨርቅና በኩባያ ትንሽ ቤንዚን።

ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስነሱት። የሞቀ ዘይት ዝቃጩን ይዞ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ግን ራሱ ብቻ ወርዶ ቆሻሻውን ታች ይተወዋል። ከዳገት እንደገባ ወዲያው መክፈት ደግሞ እጅ ያቃጥላል፣ ብሎኑ የተቀመጠበትም የአልሙኒየም ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ባጃጁ ደልዳላ ቦታ ይቁም። የመሙያውን ክዳን ከላይ አስቀድመው ይክፈቱ፣ አየር ሲያገኝ ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በማፍሰሻው ብሎን ዙሪያ ያለውን ጭቃ ይጥረጉና ይፍቱት፤ አሥር ደቂቃ ያህል እስኪንጠባጠብ ይጠብቁ።

ዘይቱ እየወረደ ሳለ ወንፊቱ ይውጣ። ይህ የብረት ወንፊት ወደ ዘይት ፖምፓው የሚሄደውን ትልልቅ ቆሻሻ የሚይዝ ነው፤ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። ብዙ ቦታ ዘይት ሲቀየር ይዘለላል። የፍሪሲዮን ፍርፋሪና የጋርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ማጣበቂያ ወንፊቱን ከዘጋው ግን ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ይጠማል፤ መጀመሪያ የሚደርቀውም ከሁሉ የራቀው የላይኛው ክፍል፣ ቫልቮቹን የሚገፋው ካም ነው። ለዚህም ነው ማጣበቂያ ሲሊኮን በብዛት መቀባት ክልክል የሚሆነው፤ ከውጭ የተረፈው እንደሚታይ ሁሉ ወደ ውስጥም የተረፈ አለ።

የወረቀቱ ፊልትሮ አይታጠብም፤ በአዲስ ይተካል። አሮጌው እንዴት እንደተቀመጠ አይተው አዲሱን በዚያው አቅጣጫ ያስገቡ። የጎማ ቀለበቶቹን በዘይት ያርጥቧቸው፣ አሮጌው ቀለበት ብረቱ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱንም በጣት ይዳስሱ። ቀለበቱ ከተረሳ ወይም ፊልትሮው ከተገለበጠ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፣ ከውጭ ምንም ምልክት አያሳይም።

ብሎኑን ከአዲስ ሮንዴላ ጋር መጀመሪያ በጣት፣ ጥርሱ ያለ ትግል እስከሚገባ ድረስ ያዙሩ። ቁልፍ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ በመጠኑ። ቁልፍ ላይ ቱቦ ደርቦ ማጥበቅ የአልሙኒየሙን ጥርስ ይላጫል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ሞተር ይዞ መኖር ወይም ለቶርኒቶሪ (ብረት ቆራጭ ባለሙያ) ሥራ ሞተር ማውረድ ነው።

አሁን 800 ሚሊ ሊትር ያህል ይሙሉ። ክዳኑን ዘግተው ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ሳያስጮኹ ያስነሱ፣ ያጥፉና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን ጠርገው ይለኩና በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ እስኪል በትንሽ በትንሹ ያሟሉ። ጠቅላላው እንደ ሞዴሉና እንደ ተቀየረው ፊልትሮ ከአንድ ሊትር ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ጠርሙሱን በአንድ ጊዜ ገልብጦ መሄድ ልክ አይደለም። መለኪያው ሲለካ በጥርሱ ይጥበቅ ወይስ እንዲሁ ይረፍ የሚለውን ከባጃጁ ጋር የመጣው መመሪያ ያሳያል። አንዱን በሌላው ካሳሳቱ ንባቡ በጥርሱ ርዝመት ልክ ይዛባል።

ሲበዛም ይጎዳል። ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያረጥባል፣ ባጃጁም ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ከዚያ ፋሻው አልቋል ተብሎ ደህና ሞተር ይፈታል።

ጠዋት ጠዋት

ከሥራ በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ መለኪያውን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አራት ሊትር ከሚይዝ መኪና ላይ 300 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ትንሽ ነው፤ ከባጃጅ ላይ ግን ሲሶው ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ ሙሉውን ሥራ ስለሚሠራ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥ ይቀጥናል፣ ይበልጥም ይቃጠላል። አንድ ጊዜ መጉደል የጀመረ ዘይት ከዚያ ወዲያ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

ደረጃው ብቻ ሳይሆን መልኩም ይታይ። መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም፤ ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን አንሥቶ ስለሚይዝ ይጠቁራል። የሚያስፈራው ማኪያቶ ሲመስል ነው፦ ውሃ ገብቷል። በክረምት ጎርፍ ያጥለቀለቀው ቦታ ላይ በመተንፈሻው ቱቦ ሊገባ ይችላል፤ በአጭር በአጭር ጉዞ ብቻ የሚሠራ ባጃጅ ላይም ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ክዳኑ ሥር ብቻ ስስ ነጭ ካለ ረዘም ያለ ጉዞ ያደርቀዋል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ከነጣ ግን በዚያው ቀን ይቀየር፣ ሞተሩም እስኪቀየር አይነሳ።

መለኪያው ላይ ዘይት ጨምሮ ከተገኘ ደስ አይበልዎ፤ ያሽትቱት። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ቤንዚኑ ሌሊት ወደ ታች ወርዷል። ማደሪያ ላይ የቤንዚኑን ሩቢኔት (መዝጊያ) መዝጋት ይህን ያስቀራል፤ ቫልቩ ግን መጠገን አለበት። በጅማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ምልክቱ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ላይ ነው፦ ሲፈታ እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ እንደ ቡና ገለባ ቀለም ከሆነ ልክ ነው፣ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። እርጥብና ዘይታማ ጥቁር ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው።

ዘይት የሚቃጠል ከሆነ በየት በኩል እንደሚገባ የጂሬን መንገድ ራሱ ይነግራል። ሽቅብ ተጭኖ ሲወጣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ከጨሰ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ፣ ነዳጅ ለቀው ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ ታች ደርሰው ነዳጅ ሲሰጡ አንድ ጊዜ «ቡፍ» ብሎ ሰማያዊ ከወጣ ግን ችግሩ ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳያልፍ የሚይዘው የቫልቭ ጎማ ነው፤ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሲወርድ ሞተሩ ዘይቱን ከላይ ይስበዋል። የቫልቭ ጎማ ርካሽ ነው፣ ሲሊንደር ማስቆፈር ግን ውድ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ለጋራዥ «ሞተሩ ይጨሳል» ብቻ ብሎ መስጠት ኪስ ይጎዳል።

የሚፈሰውን አሮጌ ዘይት በነጭ ጨርቅ አጣርተው ፀሐይ ላይ ያዩት። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው። በጣት የሚዳሰስ ብልጭልጭ ስንጥር፣ በተለይም ነሐስ የሚመስል ቢጫ ካለ፣ አንድ ቡሽ ወይም ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ) እየተበላ ነውና ሞተሩ ሳይሰበር ይፈተሽ።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ዳገት ሲወጡ የሞተሩ ጩኸት ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዘይቱን ከመውቀስዎ በፊት ገመዱን ይዩ፦ መያዣው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ገመዱ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ እንደተያዘ ነው፤ የትኛውም ዘይት አያድነውም። ገመዱ ልክ ሆኖ የሚንሸራተት ከሆነ፣ በቅርቡም የመኪና ዘይት ከገባበት፣ በኤምኤ ዘይት ይቀየርና ሁለት ሦስት ቀን ይታይ። ሳህኖቹ ካልተቃጠሉ ይመለሳል።

የቀረው ጥገና

የአየር ፊልትሮ የዘይት ዘመድ ነው። የጅማ ቀይ አቧራ በፊልትሮው አልፎ ከገባ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በበጋ በየሳምንቱ ይከፈት። ወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይደርቃል፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። ሳጥኑ ሲዘጋ ጎማው ዙሪያውን ካልተቀመጠ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

በክረምት ጭቃና ሣር በማራገቢያው ሽፋን ሥር ገብቶ የሲሊንደሩን ክንፎች ይደፍናል። ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናልና በእንጨት ስንጥር ይጽዳ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይረጭም። የማራገቢያውን ሽፋን «አየር እንዲያገኝ» ብሎ ማውለቅም ስህተት ነው፤ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሩ የሚመራው ሽፋኑ ራሱ ነው።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳሉ በስስ ብረት መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ከመመሪያው ይወሰዳል። ትንሽ ቲክቲክ የሚል ቫልቭ ይሻላል ከማይሰማው። ድምፅ ይጥፋ ተብሎ የጠበቀ ቫልቭ ሲግል ይረዝምና አልዘጋ ይላል፣ የጭስ መውጫውም ቫልቭ ይቃጠላል።

ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ ጭቃ ይገባል፤ ሲነሳ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከዚያ ነው። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከሞተር ዘይት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፦ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ብቻ ይጨመራል። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጦ ፍሬን ያሳጣል። ውሃ ካለፉ በኋላ ፍሬኑን ለጥቂት ሜትር ቀለል አድርጎ እየረገጡ ከበሮውን ማድረቅ፣ ከጂሬን ሲወርዱም ማርሽ ሳያወጡ በሁለተኛ መውረድ ያስፈልጋል።

የፈሰሰውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመው አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ይስጡ። ወደ ቦይ የተደፋው ቀጥታ አወይቱ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ከቤንዚን፣ ከፍሬን ዘይትና ከውሃ ጋር ካልተቀላቀለ ተቀባይ አያጣም፤ የተቀላቀለውን ግን የሚወስድ የለም። ለወንፊት ማጠቢያ የተጠቀሙበት ቤንዚን በሌላ ዕቃ ይቀመጥ።